አሥራ ሦስተኛዋ ማኅበርተኛ

ለሰንበት ቅዳሴ ልወጣ ስል በሬ ተንኳኳ። የደብራችን ሴቶች አራት ሆነው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጋምቤላ በተከራየኋት ቤት ደጃፍ ቆመዋል። ሳይናገሩ ገባኝ። እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ጎጃም ስልኩም መንገዱም ተዘግቶ ስለነበር፣ ቁይ ከተማ አጠገብ ተቀብራ አፈሯ እስኪደርቅ ድረስ እኔ ጤና ስጭልኝ እያልኩ እመቤታችንን ስለምንላት ነበር።

በማግስቱ፣ መርዶውን ለሴቶቹ የላከው ወንድሜ ስልክ ወደሚሠራበት ወደ ደጀን ወጥቶ ደወለ። ስለ ሕመሟና ስለ ግንዘቷ ከነገረኝ በኋላ፣ «የማርያም ማኅበሯም አሥራ ሁለት ሰው ቀረ። እንደ ሐዋርያት እንሁን፣ ሌላ አንጨምርም ብለዋል» አለኝ።

«ነሐሴ ማን ላይ ወደቀ?»

«የእናታችን ተራ ነበር፤ አሁን ከእሷ ቀጥላ ያለችው ጎረቤታችን ላይ» አለ።

ልጅ ሳለሁም ማኅበሩ አሥራ ሁለት ሰው ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ አንዱ ይደግሳል። ጳጉሜን ሃያ አንድ ስለሌላት ተራው በዓመት አሥራ ሁለት ነው፤ የማንም ወር አይነቃነቅም። ኅዳር የደረሰው ዕድሜ ልኩን በአዲስ እህል ይደግሳል። እናቴን የደረሳት ነሐሴ ነበር፤ ጎተራው ተጠርጎ፣ የማሳው ገብስ ሳይደርስ። ለጠላውና ለዳቦው ብላ ከሰኔ ጀምሮ የእኛን ምሳ ታስቀር ነበር። ወንድሜ ሆዱን አቅፎ ሲያለቅስ አብራው ታለቅሳለች።

ሰባተኛ ክፍል ብቸኛ ቁጥሮችን ተማርን፤ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን። አሥራ ሦስት አንዱ ነው። ደብተሬ ላይ ወራቱን ደርድሬ አሥራ ሦስት ሰው ባዞርባቸው፣ ነሐሴ የደገሰ ሰው ቀጣዩ ተራው መስከረም፣ ከዚያ ጥቅምት እያለ ይሻገራል። ነሐሴ የሚመለስበት በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው።

«ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ነው» ብዬ ለመምህሬ አሳየሁት።

«ብቸኛነቱ አይደለም» አለኝ። «ሃያ አምስት ብቸኛ አይደለም፤ ግን ከአሥራ ሁለት ጋር ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌለው እሱም ሁሉንም ወር ያዳርሳል። አሥራ አራት ብታደርጊያቸው ግን አሥራ አራትንም አሥራ ሁለትንም ሁለት ያካፍላቸዋል፤ ተራው አንድ አንድ ወር እየዘለለ ግማሹን ወር አይረግጠውም።»

በማኅበሩ ቀን ጠላ ስቀዳ፣ ወሩ ለሁሉም እንዲዞር አንድ ሰው ጨምራችሁ አሥራ ሦስት ሁኑ ብዬ ለማኅበርተኞቹ ተናገርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሐዋርያት ስንት ናቸው?» አለችኝ ኅዳር የደረሳት ሴትዮ።

«አሥራ ሁለት።»

«ታዲያ አሥራ ሦስተኛው ማን ሊሆን ነው? ይሁዳ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሙሴ የምንላቸው ሰብሳቢ ዋንጫቸውን አስቀመጡና፣ «ይሁዳማ ከአሥራ ሁለቱ ነበር፣ እሜቴ። ጌታ መሀላቸው ሲቀመጥ ስንት ሆኑ?» አሏት።

በድህነቷ የትኛውም ማኅበር ያላስጠጋት፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን በእኔ ጉትጎታ አሥራ ሦስተኛ ሆና ገባች። «ነሐሴ ቢደርስብኝስ፣ ልጄ?» ስትለኝ «አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ይሄዳል» አልኳት። አመነችኝ። እናቴን በሕመሟ ያገላበጠቻት፣ የገነዘቻትም እርሷ ናት። አሁን አርጅታለች፣ ጧሪ የላትም። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ከሆኑ ነሐሴ እስክትሞት አይለቃትም።

በእናቴ ቀብር የቆማችሁ፣ አሥራ ሁለት እንሁን ሲባልም የነበራችሁ ማኅበርተኞች፣ በእመቤታችን ስም እለምናችኋለሁ፤ የእናቴን ቦታ አትዝጉት። እኔን ጻፉኝ። የዘንድሮው ነሐሴ የእኔ ይሁን፤ መንገድ ከተከፈተ እመጣለሁ፣ ካልሆነም ወንድሜ በስሜ ይደግሳል። እርሷን ወደ መስከረም አሻግሩልኝ።