ዝናብ ብቻ የፈራንበት ቀን

ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ልጄ ማርታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና፣ «አባዬ፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር አባያ ሐይቅ ልንሄድ ነው። እየው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው የሚለው» አለችኝ። «እሱ የዲላ አየር ነው! የሐይቁን ማን ነገረሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደነገጠች። እኔም በራሴ ደነገጥኩ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ሐይቅ የምታወራው እናቷ ናት እንጂ እኔ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችን የወጣት መዘምራን ጸሐፊ ነበርኩ። የሽርሽሩን ቀን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሚያዝያ ላይ አውጥቻቸው ዝናብ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ሲያንከባልለን ስለዋለ፣ ዓመቱን በሙሉ መቀለጃ ሆኜ ከርሜያለሁ። ስለዚህ በዚህኛው ብልጥ ሆንኩ። የቡናው ለቀማ እስኪያልቅ ጠብቄ ጥርን መረጥኩ። ሬዲዮ አዳመጥኩ፣ ከገደብ ከተማ የሚመጡ ሾፌሮችን ጠየቅኩ፣ በየማለዳው በቡሌ ተራሮች በኩል ያለውን ሰማይ አየሁ። ያም አልበቃ ብሎን ሁላችንም ሦስት ቀን ጾመን ጸለይን። የጸለይነው ዝናብ እንዳይመጣ ነው። ስለ ነፋስ አንድም ሰው አልጸለየም፤ የእኛ አገር ሰው ነፋስ ሲመጣ ልብስ ያሰጣል እንጂ መቼ ይፈራል!

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ቆጮውን በኮባ ጠቅልለን፣ አናናሱን በማዳበሪያ አድርገን፣ አይሱዙ ላይ ተጭነን ወረድን። ቁልቁለቱ ሲያልቅ እንሰቱ ቀረ፣ ግራሩ መጣ፣ ሙቀቱም ፊታችንን ገረፈው። መዝሙሩ፣ ጸሎቱና ምሳው ሲንዛዛ ስምንት ሰዓት ሆነ። ጀልባ እንሳፈር የተባለው ያኔ ነው።

ባለ ጀልባው ጋሽ በቀለ የሚባል ጠና ያለ ሰው ነው። የእንጨት ጀልባውን ወደ ደረቁ እየጎተተ ነበር።

«አሁን የለም» አለ። «ውሃው ይነሳል።»

«ሰማዩን አያዩም እንዴ ጋሼ? ደመና የለም እኮ!» አልኩት።

«እናንተ የላይ ሰዎች ዝናብ ብቻ ነው የምታውቁ። ይሄ ነገር ደመና አይፈልግም።»

«ጸሐፊያችን ዘንድሮም ቀን አልቀናውም!» አለ አንዱ ከኋላዬ። ሁሉም ሳቁ። ትዕግሥትም ሳቀች፤ ዛሬ ባለቤቴ ናት፣ ያኔ ግን ቀና ብዬ ለማየት እንኳ የማልደፍራት ልጅ ነበረች። ደሜ ፈላ። ጋሽ በቀለን ደረቱን ገፈተርኩት። ገመዱን አልለቅም ሲል አፉን በቡጢ መታሁት። አፍ አውጥቼ አንቱ ያልኩትን ሰው አሸዋ ላይ ጣልኩት። ጓደኞቼም መገላገሉን ትተው ጀልባዋን ወደ ውሃው ገፉ። ስድስት ሆነን ተሳፈርን፤ ትዕግሥት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የመጣው የነፋሱ ድምፅ ነው። ከዚያ ቀዩ ውሃ ተነሳና ጀልባዋን ጎኗን አጮላት፤ ሁለተኛው ማዕበል ገለበጠን። አራቱ የተገለበጠችው ጀልባ ላይ ተንጠለጠሉ። እኔ ዋና አልችልም። ውሃ ጠጣሁ፣ ጭቃ ጠጣሁ። እጄ የሰው ትከሻ አገኘ። የትዕግሥት መሆኑን በፀጉሯ አውቄያለሁ። አውቄ ነው ወደ ታች የተጫንኳት፤ አንድ ጊዜ ብቅ ብዬ ለመተንፈስ። ከዚያ ደግሜ ተጫንኳት። ከሥሬ ሆና በክርኗ ሆዴን ደበደበችኝ። አልለቀቅኳትም።

ጋሽ በቀለ የጎረቤቱን ጀልባ እየቀዘፈ ደረሰብን። ከንፈሩ አብጧል። «ልቀቃት!» አለኝ። አልሰማሁትም። በመቅዘፊያው መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ መንጋጋዬን መታኝ። ሁለት ጥርሶቼ ረገፉ፤ ያኔ ለቀቅኳት። እሷን በፀጉሯ ጎትቶ አወጣት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሌሎቹን። ስድስታችንም ተረፍን።

ዳር ላይ የቀሩት ጓደኞቼ ደሜን አይተው «ማነው እንዲህ ያደረገህ?» አሉኝ።

«ባለ ጀልባው።»

ውሸት አይደለም። ግን ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ቂሙን የተወጣብኝ መሰላቸው። ሽማግሌውን በራሱ መቅዘፊያ ወገቡን ቀጠቀጡት፣ ሲወድቅም በእግራቸው ረገጡት። እኔ አፌን በመሐረብ ይዤ ተቀምጬ አየሁ። ትዕግሥት አይሱዙው ውስጥ ራሷን ስታ ተኝታ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይተዉት ነበር፤ ምላሴ ደግሞ ምንም አልሆነም።

በሳምንቱ እሑድ ትዕግሥት ለምስክርነት መድረክ ላይ ወጣች። «ጋኔን ትከሻዬን ይዞ ወደ ጥልቁ ሲጫነኝ ጌታ አስለቀቀኝ» አለች። ጉባኤው አለቀሰ። እኔም «አሜን» ብዬ ጮህኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተጋባን። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ታወራለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

ሐሙስ ዕለትም ጩኸቴን ሰምታ ከጓዳ ወጣችና ለማርታ ያንኑ ጀመረችላት። ጋኔኑ ጋ ስትደርስ ከአፌ አመለጠኝ።

«ጋኔን አልነበረም፤ እጁ የእኔ ነው» አልኩ። ከዚያ የቀረውን ሁሉ ተናገርኩ።

ማርታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ትዕግሥት ወንበር ስባ ተቀመጠች። የምትጮህ ወይም የምታለቅስ መስሎኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን፣ «ሰውየውስ?» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ቆሞ ሄዷል?»

«አላውቅም» አልኳት። «ተመልሼ አልጠየቅኩም።»

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ የምታናግረኝ ለግድ ነገር ብቻ ነው፤ አልፈርድባትም። ሃያ አምስት ዓመት የፈራሁት እሷ እንዳትጠላኝ ነበር። ስለዚያ ሰው ወገብ ግን አንድ ቀን እንኳ ፈርቼ አላውቅም።