ከወንዙ ማዶ የተሰማ ፈረንሳይኛ

በልጅነቴ ቤታችን እንግዳ መጥቶ ሲሄድ እናቴን የሚያመሰግንበት አንድ ነገር አያጣም ነበር። «ልጅሽ ድምፅዋ አይሰማም» ይላል። እናቴ ደስ ይላታል፤ እኔም ደስ ይለኛል። እጅ አስታጥቤ፣ ዓይኔን ከመሬት ሳላነሳ፣ ለተጠየቅሁት በነጠላዬ ጫፍ አፌን ከልዬ መልሼ ወደ ጓዳ መመለስ እንደ ሙያ ይቆጠርልኝ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ ይህ ሙያ ይጎዳኛል ብዬ አላሰብሁም።

ያን ዓመት ዩኒቨርሲቲው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የዓለም ቋንቋዎች በዓል እንደሚያዘጋጅ ተነገረን። ከየትምህርት ቤቱ በየቋንቋው አንድ አንድ ተማሪ ይላካል። ተማሪው ራሱ የጻፈውን ንግግር በቃሉ ያቀርባል። በእያንዳንዱ ቋንቋ የሚመረጡት ሦስት ሦስት ተማሪዎች ክረምቱን እዚያው ግቢ ይማራሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱም ይከፈትላቸዋል።

እኔ ያን ክረምት ፈለግሁት። አባቴ የአንድ ፋብሪካ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ለእኔ ያሰቡልኝ የጽሕፈት መኪና ነው። ትምህርት ሲዘጋ ታይፕ እንድማር፣ ቀጥሎም እሳቸው ባሉበት ቢሮ እንድቀጠር ቆርጠዋል። ስለ ዩኒቨርሲቲ ሳነሳባቸው አልተቆጡም። ከፈለጉሽ እነሱ ራሳቸው እንፈልጋታለን ይበሉ ብለው ጋዜጣቸውን ማንበብ ቀጠሉ።

በፈረንሳይኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርሁ፤ በጽሑፍ ማለቴ ነው። በምርጫው ቀን መምህራችን በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ከፊት አቁመውኝ እሳቸው ሄደው ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጡ። ስለ ሰፈሬ ስለ ነፋስ ስልክ የጻፍሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል ሳልስት ተናገርሁ። ስጨርስ፣

«ጀምሪ እንጂ» አሉኝ።

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። በኋላ ለብቻዬ ጠርተው ወረቀቱ ላይ ያለው ከሁሉ የተሻለ መሆኑን ነገሩኝ። ነገር ግን በበዓሉ ድምፅ ማጉያ አይፈቀድም፣ አዳራሹም የእኛን ብዙ እጥፍ ነው። ሦስት ሳምንት ሰጡኝ። ያኔም ከመጨረሻው ወንበር ካልሰሙኝ ሌላ ልጅ ይልካሉ።

ቅዳሜ ልብስ ላጥብ ወንዝ ወረድሁ። እያሸሁ ንግግሩን በከንፈሬ እለዋለሁ። በየጠዋቱ ወተት የሚያመጡልን፣ እኔም በር ላይ የምቀበላቸው ሴትዮ ባዶ ቅላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሊሻገሩ ሲሉ አጠገቤ ቆሙ። ቤታቸውና እርሻቸው ከወንዙ ማዶ ነው።

«ጸሎት ነው?» አሉኝ።

«ንግግር ነው፣ እማማ። በፈረንሳይኛ። ብዙ ሰው ፊት የምናገረው።»

«አጠገብሽ ቆሜ አልሰማሁሽም። ብዙው ሰው በምን ጆሮው ይሰማሻል?»

ሦስቱን ሳምንትና የመምህሬን ነገር አጫወትኋቸው። ጥቂት አሰቡና ቅላቸውን ሣር ላይ አስቀመጡ። እኚህ ሴት ከእርሻቸው ሆነው ምራታቸውን ሲጣሩ በየቀኑ እሰማ ነበር። ጩኸት አይደለም፤ ግን ወንዙን ተሻግሮ እኛ ደጃፍ ይደርሳል።

«ኢንተላ» አሉኝ፤ በቋንቋቸው በኦሮምኛ ልጅት ማለታቸው ነው። «እኔ ልሻገርና አንቺ ከዚህ ጥሪኝ። አትጩኺ፤ ቤትሽ አልተቃጠለ። አገጭሽን ቀና አድርጊና ድምፅሽን ከራሴ በላይ አሳልፊው። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ። ከሰማሁሽ ደገኤ እልሻለሁ፤ ሰማሁ ነው። ካላልሁ ያንኑ ድገሚ እንጂ ወደ ሌላው አትለፊ።»

በማዶ ሰዎች ዘንድ ደንቡ ይህ ነበር። ከማዶ መልስ ሳይመጣ ሁለተኛ ነገር አይነገርም።

የመጀመሪያ ቀን አንዲቷን ዐረፍተ ነገር ስደጋግም ልብሱ ሳይታጠብ ቀረ። ሴትዮዋ አጥራቸው ሥር ቆመው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዝም ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን ግን ቀጭን «ደገኤ» መጣች። ወዲያው ሁለተኛዋን ዐረፍተ ነገር ላክሁ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳልወርድ የዋልሁበት ቀን የለም። በሰፈሩ ወሬ ሆነ። አንዲት ጎረቤት ልጅቷ ወንዝ ዳር ብቻዋን በማይታወቅ ቋንቋ ትጣራለች፣ ሳይብስባት ጠበል ውሰጃት ብላ እናቴን መከረቻት። እናቴ ግራ ገብቷት አባቴን ጠየቀች። አባቴም ራት ሳይቀርብ እስከገባች ድረስ ተያት አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት መምህሬ እንደገና ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጡ። አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሬ ጠበቅሁ። መስማታቸውን ለማሳየት እጃቸውን አነሱልኝ። በየመሐሉ እንዲሁ እያነሱ አስጨረሱኝ። ከዚያ ወንበራቸውን አንስተው ከበሩ ውጭ አወጡና «ድገሚ» አሉኝ። ደገምሁ፤ ከውጭም እጃቸው ሲነሳ አየሁ።

የበዓሉ ቀን ከአባቴ ጋር ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን ደረስን። በግቢው ዛፎች ሥር ለየቋንቋው ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣሊያንኛ እየተባለ በትልቁ ተጽፏል። ኮት የለበሱ የወንዶች ትምህርት ቤት ልጆች ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየዞሩ ሰላምታ ይማራሉ። አባቴ ከማያውቁት ሰው ፊት መቀመጥ ስለማይወዱ ከአዳራሹ የመጨረሻውን መደዳ መረጡ። መምህራን ለተማሪዎቻቸው እንዳይጠቁሙ ውጭ እንዲቆዩ ታዘዙ።

አስተዋዋቂው ከነፋስ ስልክ የመጣች ብሎ ጠራኝ። አገጬን ቀና አድርጌ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ከሁሉም ራስ በላይ ላክሁት። የኋላው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ተሰማኝ። ከዚያ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

መልስ የለም። እጅ ያነሳም የለም። ወንዝ ዳር ዝምታ ማለት አልተሰማሽም ማለት ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ደገምሁት። አሁንም ጠበቅሁ። ያኔ ከወንዶቹ አንዱ፣

«የነፋስ ስልኳ ልጅ መስመር እስኪገባላት እየጠበቀች ነው» አለ።

ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ ተዛመተ። ከዳኞቹ አንዱ የረሳሁ መስሏቸው ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ከወረቀቱ ላይ በሹክሹክታ አነበቡልኝ። አባቴን አየኋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። እጄ ነጠላዬን ይዞ ወደ አፌ መውጣት ጀምሮ ነበር። ደረቴ ላይ ሲደርስ አስቆምሁት። ከዚህ ብወርድ ሰኔ ላይ የምቀመጠው ታይፑ ፊት መሆኑን በደንብ አውቄዋለሁ።

የሚመልስልኝ ከሌለ ራሴ እመልሳለሁ አልሁ። ሁለተኛውን ተናግሬ በልቤ ደገኤ አልሁ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ስለ ረጃጅሞቹ የስልክ ምሰሶዎች፣ ስለ ወንዙ፣ ከፋብሪካ ስለሚመለሱት ሠራተኞች የጻፍሁት ሁሉ በየመሐሉ ዝምታ እየገባበት፣ ሳልቸኩል አለቀ። የመጨረሻውንም ተናግሬ ለራሴ ሳልመልስ አልወረድሁም።

መነጽር ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ዳኛ ጠረጴዛቸው ጋ ጠርተው ከየዐረፍተ ነገሩ በኋላ ለምን እንደቆምሁ ጠየቁኝ። ረስተሽ ነው ወይ አሉኝ። ስላልረሳሁ እውነቱን ነገርኋቸው።

«ያስተማሩሽ ሴት ፈረንሳይኛ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት።»

ዳኛው በመስኮቱ ወደ ጠረጴዛዎቹ ተመለከቱ። እኔም አብሬ ተመለከትሁ። የሴትዮዋ ቋንቋ የተጻፈበት ጠረጴዛ አልነበረም። ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ልብ ብዬ ዝም አልሁ። ከዚያው ግቢ ተመርቄ ከወጣሁ በኋላም ያ ዝምታዬ ዛሬ ድረስ ይቆጠቁጠኛል። ዳኛው ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

የፈረንሳይኛዎቹ ሦስት ስሞች ሲጠሩ የእኔ መጨረሻ ነበር። ስሜን የጠሩት ዳኛ አባቴ እንዲቀርቡ ጠይቀው፣ ክረምቱን ልጅዎን እንፈልጋታለን አሏቸው። አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሡ።

በአውቶቡስ ተመለስን። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል አባቴ፣

«አንዱም ቃል አልገባኝም» አሉ። «ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ኋላ ሆኜ አንዱም ቃል አልቀረብኝም።» ቀጥለውም የታይፑን ነገር ለጊዜው እንዲያቆዩት ለቢሮው እንደሚነግሩ አሉኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ወተቱን ሳልጠብቅ ወንዝ ወረድሁ። ሴትዮዋ ከአጥራቸው ሥር ቅላቸውን ሲያጥቡ አየኋቸው። አገጬን ቀና አድርጌ፣ ተመረጥሁ፣ ክረምቱን እዚያ ነኝ ብዬ ላክሁላቸው። ጠበቅሁ።

«ደገኤ!» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ በአማርኛ፣ «ታዲያ ክረምቱን ወተቱን ማን ሊቀበለኝ ነው?»