የሚስ ኦዴሳ አባት ጠባሳ

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬአቸዋለሁ፤ ሰው ማማቴን፣ ወንድሜን ሁለት ዓመት ማኩረፌን ሳይቀር ነግሬአቸዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ለሚስቴም አልነገርኩም። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁ፤ እባካችሁ እስክጨርስ አትዘኑልኝ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አንድ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። እዚያ ደንበኛ ማዲያቱን ይዞ አይወጣም። ብጉሩን ከፎቶው ላይ በምላጭ ጫፍ እንፍቃለን፣ ፊቱን በብሩሽ ፈካ እናደርጋለን፤ የገዛ እናቱ "ይሄ የኔ ልጅ ነው?" እስክትል ድረስ። በዚህ እጄ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ሚስ ኦዴሳ እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ከተማ መጡ። ሰባ ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቴአትር ይሠራሉ፤ የፈረሰውን የጥቁሮች ሰፈራቸውን ታሪክ እየተረኩ፣ የቆዩ ፎቶዎችን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ያሳያሉ። ያመጡት የአባታቸውን ፎቶ ነበር፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ሻጋታውን አጽድቼ ኮፒ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ። "ቆይ፣ ስለዚህ ሰውዬ ልንገርህ" ብለው ሲጀምሩ፣ የሚያጣድፍ የሠርግ አልበም ይዤ ነበርና "ሌላ ጊዜ፣ ሚስ ኦዴሳ" አልኳቸው። ያን ሌላ ጊዜ ዛሬም እመኘዋለሁ።

ሻጋታውን አጸዳሁ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ከግራ ቅንድቡ እስከ ጉንጩ የወረደውን ጠባሳ አየሁ፤ ጠባሳ መሆኑንም አውቄአለሁ። ታዲያ ማን ጠባሳ ይወዳል? በምላጭ ፋቅሁት፣ በቀለም ሸፈንኩት። ጥቁረቱንም ሳይቀር ፈካ አደረግሁት። ይህን ሁሉ ያደረግሁት በዋናው ፎቶ ላይ ነው። ባልደረባዬ አልማዝ አይታ፣ "ውይ፣ እንዴት ክሊን አድርገኸዋል! በጣም ነው ሰርፕራይዝ የሚሆኑት" አለችኝ። ደስ አለኝ።

ፎቶውን የልጅ ልጃቸው መጥታ ቀጥታ ወደ አዳራሹ ወሰደችው፤ ለቴአትሩም ጋበዘችኝ።

ሚስ ኦዴሳ መድረክ ላይ ቆመው ተረኩ። አባታቸው በወጣትነታቸው ለመራጭነት ሊመዘገቡ ተሰልፈው ሳሉ ጥቁር እንዳይመርጥ በሚሹ ነጮች ፊታቸውን በጡብ እንደተመቱ፣ ደሙን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠርገው ወደ ሰልፉ እንደተመለሱ ተረኩ። ከዚያ "ጠባሳውን እዩት!" ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጠባሳ የለም። ግድግዳውን በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ዳበሱት።

ሲያልቅ መጡና ክንዴን ይዘው፣ "ልጄ፣ ጠባሳ ነበረው አይደል?" አሉኝ። ልብ በሉ፤ አልተቆጡም፣ አልጠረጠሩኝም፤ ጠየቁኝ።

"እኔ አላየሁም" አልኳቸው።

"እንግዲህ አርጅቻለሁ" አሉ።

ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። አፈርኩ፤ ያ ብቻ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው የተወጋውን ያስረሳሁት?

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ቴአትሩን ለማየት አሌክሳንድሪያ እሄድ ነበር። የምጠብቀው "ጠባሳውን እዩት!" የሚለውን ድምፃቸውን ነው። ሰልፉን ይተርካሉ፣ ጡቡ ጋ ሲደርሱ ዘለውት ያልፋሉ። ያ ድምፅ እንዴት እንደናፈቀኝ! እኔው አፍኜው እኔው ናፈቅሁት።

ሚስ ኦዴሳ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ታሪኩን አሁን የምትተርከው የልጅ ልጃቸው ናት፤ እንደሰማችው፣ ያለ ጡብ። ፎቶው አዳራሹ በር ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ስታገኘኝ፣ "አያቴ ሁልጊዜ ታመሰግንህ ነበር፤ ያን ፎቶ ያዳነው እሱ ነው ትል ነበር" አለችኝ።

እሑድ ይህን ያነበብኩላችሁን ወረቀት ይዤላት እሄዳለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ ይቅር የሚሉኝ ሰው የሉም። የምነግራት ይህን ነው፦ ጠባሳው ነበረ። ከግራ ቅንድቡ ይጀምራል፣ ጉንጩ መሃል ሲደርስ ወደ ጆሮው ትንሽ ይታጠፋል። አያትሽ አልተሳሳቱም። የፋቅሁት እኔ ነኝ።