ለዘበኛው ያስተማርኩት አረማመድ

ጂንካ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር ሞልቷል፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ግን እኔ ነኝ። ይህን ራሴ የምለው ሌላ የሚልልኝ ሰው ስለጠፋ ነው። ደርግ ወድቆ ፈረንጆች ወደ ኦሞ መጉረፍ ሲጀምሩ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይዤ ያለ አስተማሪ ተማርኩ። የዛሬ አስጎብኚዎች ሰው ሁሉ እንዴትም ቢሄድ «ዎክ» ብለው ያልፋሉ። እኔ ዘንድ ግን የሚንሸራሸር ሰው «ስትሮል» ያደርጋል፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ «ስትራት»፣ እግሩን የሚጎትት «ሻፍል»።

ከገዘር ከተማ የመጣ ጎረቤቴ በአንድ የድንኳን ማረፊያ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ምክር ባይጠይቀኝም ሰጠሁት። ፈረንጅ እንቅልፍ ይወዳልና «ቲፕቶ» አድርግ፣ ማለትም በእግርህ ጣቶች ጫፍ፣ ኮሽታ ሳታሰማ ሂድ አልኩት። ግቢዬ ውስጥ እየሄድኩ አሳየሁት፤ ቶሎ ገባው።

በሳምንቱ የማረፊያው ባለቤት አስጠራችኝ። አንዲት ፈረንጅ እንግዳ ስለ ዘበኛው አቤት ብላ፣ አስጎብኚው መተርጎም አቅቶታል። የማረፊያው ባለቤት ዘበኛውን ልታባርረው ቆርጣለች፤ የልጆቹ እንጀራ የተንጠለጠለው በእኔ ምላስ ላይ ነበር። እንግዳዋን አናገርኳት። ሌሊቱን በድንኳኗ ዙሪያ «ፕራውል» ሲያደርግ ነበር አለችኝ።

«ምን አደረገ ነው የምትለው?» አለች ባለቤቷ።

«አድፍጦ ዞረኝ ነው፤ እንደ ነብር።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እኔ ዘበኛ ነው የቀጠርኩት ወይስ ነብር?»

ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ፣ «እርስዎ እንዳሳዩኝ ነው የሄድኩት» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አረማመዱ እንከን አልነበረውም። ጉድለቱ «ቲፕቶ»ን «ፕራውል» ብሎ ያየው የእንግዳዋ ዓይን ነው። ይህን ላስረዳት ከዘራዬን አስቀምጬ በግቢው መሃል መጀመሪያ «ቲፕቶ»፣ ቀጥሎ «ፕራውል» አደረግኩ። ልዩነቱ ጎንበስ ማለቱ ላይ ነው። ወገቤ ግን አንዴ ከጎነበሰ በኋላ ቀና አልል አለ። ዘበኛው ሮጦ መጣና እንደ ሕፃን ደግፎ አነሳኝ።

እንግዳዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ሰውየው ደግ መሆኑን አሁን አይቻለሁ፣ ብቻ ሲመጣ ልስማው» አለች። ባለቤቷም በዚሁ ማረችው። እኔ ወዲያው «ስቶምፕ» አዘዝኩለት፤ መሬቱን በእግር እየደበደቡ መሄድ ነው። በዚያ ሌሊት ከማረፊያው እንግዶች አንድም የፈራ አልነበረም፤ አንድም የተኛ አልነበረም።

እንግዲህ በአንድ ቀን፦ ዘበኛውን ከሥራው ሳይፈናቀል አቆየሁት፤ ለአስጎብኚው ሦስት ቃል በነፃ አስተማርኩ፤ አዝና የመጣች እንግዳ አሳቅኩ፤ ወደ ቤቴም «ሊምፕ» እያደረግኩ፣ ማለትም እያነከስኩ፣ በገዛ እግሬ ገባሁ። «ሊምፕ»ን እስከዚያች ቀን የማውቀው በንባብ ብቻ ነበር።