በአዋላጅዋ መጽሐፍ ዳር

ሲስተር ወይንሀረግ ሊሞት የደረሰ ሰው ስም በወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ይጽፋሉ ተብሎ በልደታ ማርያም ጀርባ ይወራ ነበር። ማን አለ? እኔ። አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሲጽፉ አየሁ፤ የቀረውን ራሴ ሞላሁት። ወሬው ሜክሲኮ አደባባይ ደርሶ ሲመለስ የእኔም ስም ተጨምሮበት ስለነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን እንኳ ስፈራ ሰነበትኩ።

እውነቱ ሌላ ነው። ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበሩ። መጽሐፉ በወጣትነታቸው የተማሩበት የእንግሊዝኛ የማዋለጃ መማሪያ ነው። በየገጹ ዳር መጽሐፉ ያላወቀውን፣ አንዳንዴም እሳቸው የሳቱትን፣ በእርሳስ በአማርኛ ጽፈውበታል። የማንም ስም የለበትም።

ባለፈው ጥር፣ ሴና የምትባል የአዋላጆች አስተማሪ መጽሐፉን ለተማሪዎቿ ልትወስደው ከሲስተር ጋር ተስማማች። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር ሲስተር መጀመሪያ እኔ ጋ አመጡት። እኔ ገረሱ፣ ማንም ሳያስተምረኝ መጽሐፍ ጠራዥ የሆንኩ ሰው ነኝ፤ ሥራዬን ያየ ሁሉ ሳልነግረው ያውቃል።

«አሳምርልኝ፤ ለተማሪ ነው» አሉኝ።

አሳመርኩ። የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ሁልጊዜ «የተጫጫረውን አጥፋልን» ነው የሚሉኝ፤ ንጹሕ መጽሐፍ ቶሎ ይሸጣላ። ሁለት ቀን ለፍቼ፣ ሦስት ላጲስ ጨርሼ ዳሩን ሁሉ አጸዳሁ። የሰው የሠርግ ጥሪ ሳላነብ የማላልፈው ሰውዬ አንድ መስመር አላነበብኩም። ጎበዝ ስሆን እንዲህ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ከሴና ጋር መጡ። ገለጡ። ደግመው ገለጡ።

«ገረሱ፣ ጽሑፌስ?»

«አጸዳሁልዎት፣ ሲስተር።» ምርቃት እየጠበቅሁ ነበር።

«እኔ የመጣሁት ለእሱ ነበር እኮ» አለች ሴና ቀስ ብላ። «መጽሐፉማ ኮሌጃችን ውስጥ ሦስት አለን።»

ሲስተር አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከጠረጴዛዬ እስክሪብቶ አንስተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡና ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና መጻፍ ጀመሩ። «መጽሐፉ ደሙ እስኪቆም ጠብቂ ይላል። ጠበቅሁ። እናንተ ግን ሐኪም ጥሩ።» እኔ ደግሞ እሳቸው እረፍት ባደረጉ ቁጥር የቀሩትን ገጾች ወደ መስኮቱ እያዘነበልኩ የእርሳስ ምልክት እፈልጋለሁ። በዕድሜዬ አንድ ሥራ በጥራት ብሠራ ይኸው እሱ ሆነ፤ ምንም አይታይም።

እስከ ምሳ አሥራ ሰባት ገጽ ሞሉ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ባዶውን ዳር በጣታቸው ዳበሱት፤ አንዴ ሴናን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ይቺኛዋ እናት ምን ነበር የሆነችብኝ?»