በሲባጎ የተለካ ጫማ

መካነ ሰላም ገበያ ላይ ጫማ ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፊደል ማንም አላስቆጠረኝም፤ የጫማንም ነገር ማንም አላሳየኝም። ሁለቱንም ለራሴ አስተማርኩ። ዛሬም ሰው ወደ እኔ ሲመጣ አረማመዱን አይቼ ጫማው የት እንደሚነክሰው እነግረዋለሁ። የከተማው ኳስ ተጫዋቾች እኔን ሳያማክሩ ስፖርት ጫማ አይገዙም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው።

የታናሽ ወንድሜን እግር ግን ማዳን አልቻልኩም።

ወንድሜ ስኳር በሽታ ከያዘው ቆይቷል። እግሩ ደንዝዞ እሾህ ቢወጋው እንኳ የሚያውቀው ደሙን ሲያይ ነበር። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «ይቺን ፕላስቲክ ጫማ ይጣሉና ለስላሳ፣ ሽፍን ስፖርት ጫማ ያድርጉ» አለችው። እኔ ከራሴ ዕቃ መርጬ ልሰጠው ስል፣ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው ልጁ ሰማች። «የአባቴን ጫማ የምገዛው እኔ ነኝ» አለች።

በእኛ አገር ጫማ ሊገዛ የሚሄደው ባለ እግሩ አይደለም፤ ሲባጎ ነው። እግሩን በሲባጎ ይለኩና፣ በልኩ ቆርጠው ለመንገደኛ ይሰጡታል። ወንድሜንም ሚስቱ በማለዳ፣ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ለካችው። ሲባጎው ወደ ጅዳ በምትሄድ የጎረቤት ልጅ ቦርሳ ገባ። ሲባጎ ግን ርዝመት እንጂ ስፋት አይናገርም። የተቀመጠ ሰው እግርም የቆመ ሰው እግር አይደለም፤ ቆሞ ሲውል ይሰፋል፣ የስኳር በሽተኛ ሲሆን ደግሞ ያብጣል። ሲለኩ አልነበርኩም እንጂ፣ ብኖር ሲባጎውን እሳት ውስጥ እጥለው ነበር።

ጫማው መጣ። ነጭ ነው፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። ወንድሜ አድርጎት ሳየው ጠባብ መሆኑን ከበሩ ላይ ሆኜ አወቅኩ።

«አውልቀው» አልኩት። «ውስጡ የተነጠፈውን ስፖንጅ አውጣና ላዩ ላይ ቁም። እግርህ ከስፖንጁ ካለፈ ጫማው ያንተ አይደለም።»

«ጋሼ ደግሞ ዛሬ ዶክተር ሆነ!» ብሎ ሳቀ። «ምንም አይቆረቁረኝም።»

«ድንጋይ ብትከትበትስ ይቆረቁርሃል?»

«ካንተ ስላልተገዛ ነው አይደል?»

ስፖንጁን ራሴ አውጥቼ መሬት ላይ አነጠፍኩለት። ቆመበት። ትንሿ ጣቱ ሙሉ በሙሉ ውጭ ቀረች። ሚስቱም አየች፤ እሱም አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ስፖንጁን ወደ ቦታው መለሰው።

«ወላሂ አላወልቀውም» አለ፣ አሁን ሳይስቅ። «ልጄ የሰው ሽንት ቤት እያጠበች የገዛችውን፣ ጠበበኝ ልበላት?»

አቀስታ ከተማ ዘመድ ሞቶ ለቅሶ ሄደ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ጫማ ቆሞ ዋለ፤ በማግስቱም እሱኑ አድርጎ ወጣ። እሱ ምንም አልተሰማውም። ለሚስቱ የነገራት ሽታው ነው። ካልሲው ከጣቱ ጋር ተጣብቆ፣ ጣቱ ጠቁሮ ነበር። ደሴ ሆስፒታል ስናደርሰው ጣቱን ብቻ ቆርጦ መተው የሚቻልበት ጊዜ አልፎ ነበር። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት።

ቤቱ ከገባ በኋላ ልጁ ደወለች። የነገራት ሰው አልነበረም። አጠገቡ ተቀምጬ ድምጿን እሰማለሁ።

«አባ፣ ጫማው እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልክ ነው ልጄ። እየሄድኩበት ነው።»

«አጎቴ አሉ? እስቲ ስጠኝ።»

ስልኩን ሰጠኝ። ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አልነቀለም።

«አጎቴ፣ እርስዎ ጫማ ያውቃሉ። አባቴ ቢጠበውም አይነግረኝም፤ እርስዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ልኩ ነው?»

እስከዚያች ቀን ድረስ ስለ ጫማ ተጠይቄ የተሳሳተ መልስ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

«ልኩ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ያለቀበት እንደሆነ በዚያው ልክ ሌላ እልክለታለሁ» አለች ደስ ብሏት። «ሲባጎው እኔ ጋ ነው፤ አልጣልኩትም።»