የክብር ጠርሙስ

ሐኪሙ ከአባቴ ግራ እግር ትንሿ ጣት ውስጥ እሾህ ሲመዝ እኔ ፊቴን አዞርሁ። አባቴ ግን በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር። ሐኪሙ እሾሁን በመቆንጠጫው እንደያዘ አሳያቸውና «አባ፣ ይሄ መቼ ነው የወጋዎት?» አላቸው። አባቴ እሾሁን አገላብጠው አዩትና «የማን ነው?» አሉ።

የፈራሁት ያኔ ነው። ጣቲቱ ጠቁራለች፤ ሽታዋ ክፍሉን ሞልቶታል፤ እሳቸውን ግን አልታወቃቸውም። ደማቸው ተመረመረና ስኳር ተገኘ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ሲናገር ግን አይሸፋፍንም። ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ እንደማይድን፣ ቁስሉ ካልዳነ ደግሞ እግሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ እንደሚቆረጥ ነገራቸው። መድኃኒት ሰጣቸው፤ ቀጠሮው ከመስቀል በኋላ ሆነ።

«ታዲያ በምን ቆሜ እቀድሳለሁ?» አሉ አባቴ። ሌላ ነገር አልጠየቁም።

አባቴ ከወረታ ወደ ጣና ሲወርዱ ባለው ሜዳ ላይ የአንዲት ደብር ቄስ ናቸው፤ የብዙ ቤትም የነፍስ አባት። እኔ ወረታ ከተማ ሩዝ ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምጠይቃቸው እኔ ሴት ልጃቸው ነኝ፤ የምቆጣቸውም እኔው።

ሐኪሙ ጣፋጭ ያዘወትሩ እንደሆን ጠየቃቸው። ማር ከቀመሱ ዘመን እንደሌለው፣ ሻይም እንደማይጠጡ ነገሩት። እየዋሹ አይደለም። እኔ ግን አላስቻለኝም። «ለስላሳስ?» አልሁ።

«እሱ ደግሞ ጣፋጭ ነው እንዴ?» አሉ አባቴ ገርሟቸው። «እሱ የክብር ነው እንጅ።»

ሐኪሙ ሊስቅ ዳዳውና ተወው። በየቤቱ የሚቀርብላቸው ጥቁሩ ለስላሳ፣ ኮላው፣ ስኳር በውሃ የተበጠበጠ መሆኑን አስረዳቸው። ጤነኛ ሰው አልፎ አልፎ ቢጠጣው ወዲያው እንደማይገድለው፣ በሽታውንም ኮላው ብቻ አመጣው ለማለት እንደማይደፍር፣ ዘርም ዕድሜም እንዳለበት ነገራቸው። «ለእርስዎ ግን ከእንግዲህ እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። ውሃ ይጠጡ» አለ።

ውሃ ይጠጡ ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። በእኛ አገር ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ ጉድጓዱ ይደፈርሳል፤ ሰው በሆድ ሕመም ይወድቃል። ድሮ ለቄስ የሚቀርበው ቆሎና ውሃ ነበር። አባቴ ጠላም አረቄም አይቀምሱም። ከዚያ ሩዝ መጣ፤ ሩዝ ገንዘብ አመጣ፤ ገንዘብ ጠርሙስ አመጣ። የታሸገ ጠርሙስ ከደፈረሰ ጉድጓድ ይሻላል ብሎ ያሰበውን ሰው አልወቅስም። ሞኝ አይደለም። ብቻ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ የክብር መለኪያ ሆነ። የነፍስ አባቱ ቤቱ መጥተው ለስላሳ ያላቀረበ ሰው አፍሮ ይከርማል። አባቴም የሰው ፊት ላለማጥቆር በየቤቱ ሲጠጡ ኖሩ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተው በባዶ ሆዳቸው የሚቀበሉትም እሱኑ ነበር፤ የጾም ነው እየተባለ።

ዘመን ሲለወጥ ደግሞ የነፍስ አባት የንስሐ ልጆቹን ቤት እየዞረ ጸበል ይረጫል። በባዶ አፉ የሚወጣበት ቤት የለም። ቀጠሯቸው ከመስቀል በኋላ፣ ዙረቱ ከመስቀል በፊት። እግራቸው የሚተርፈው ወይም የሚቆረጠው በዚያች መሃል ነው ማለት ነው። ከወፍጮ ቤቱ ፈቃድ ጠየቅሁና አብሬያቸው ወረድሁ።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሃ አፈላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ከበቅሎዋ ኮርቻ ላይ አንጠለጥላለሁ። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ ጭቃውን እያንቦራጨቅሁ እከተላለሁ። ለስላሳ ሲቀርብ «ሐኪም ከልክሏቸዋል» እላለሁ፤ የያዝሁትን ውሃ እቀዳላቸዋለሁ። በጣም ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ገና በመጀመሪያው ቤት ነገር ተበላሸ። የቤቱ እመቤት የጎረቤት ሴት ናት፤ አፏ የማይዘጋ። የከፈተችውን ጠርሙስ እንደያዘች የኔን ውሃ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «እንዴት ነው ነገሩ፣ ከነውሃቸው መጡ? የኛ ቤት ምን ተገኘበት?» አለች። አባቴ ሊያስረዱ ቢሞክሩም አልሰማቻቸውም። በሰው ቤት የራስን ውሃ ይዞ መግባት ስድብ መሆኑን እኔ ረስቼው ነበር፤ ከተማ ስለኖርሁ ሳይሆን ስለፈራሁ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ በየደጁ ደረሰ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በሦስተኛው ቤት ለስላሳም ወንበርም አላቀረቡልንም፤ ቆመን ጸበል ረጭተን ወጣን።

በማግስቱ ያቺው ጎረቤት እግራቸውን ስጠርግ መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ጨርቁን ስፈታ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ሐኪም ምን ያውቃል?» አለች ዝቅ ብላ። «የጠጡበትን ቤት ነው መጠየቅ። በየዓመቱ ከዚያች ባለ እጅ ቤት ይጠጣሉ። እሷ ናት የያዘቻቸው።»

ባለ እጅ የምትላት አንዲት መበለት ሸክላ ሠሪ ናት። ዓይኗ ይበላል፣ ቡዳ ናት ማለቷ ነው። መንደሩ ማሰሮዋን ይገዛል፤ እሷ በሠራችው ድስት ወጥ ይሠራል፤ ከቤቷ ግን ውሃ አይጠጣም። ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያበሳጨኛል፤ ያም ሆኖ ፍርሃቱ እኔም ውስጥ አለ። የምትጠላውን ነገር ከእናትህ ጡት ጋር ጠብተኸው ሲገኝ ምን ታደርገዋለህ? አባቴ ብቻ በየዓመቱ ቤቷ ይገባሉ፤ ሰው እንዲያያቸው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ይጠጣሉ። እሷም የምታቀርበው የታሸገ ለስላሳ ብቻ ነው። ሰው ፊት ትከፍተዋለች፤ እጇ ምንም እንዳልጨመረበት እንዲታይላት። ከእሳቸው በኋላ አንድ ሁለት ጎረቤት ደፍሮ ይገባል፤ ዓመቱን ሙሉ ሰላም የሚላት ሰው የምታገኘው በዚያ ነው።

«ባንቺ ቤት ጠርሙስና በእሷ ቤት ጠርሙስ ያለው ስኳር አንድ ነው» አልኋት ጎረቤታችንን።

«ስኳሩ አንድ ቢሆን እጁ ይለያያል» አለችኝና ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚሉት እውነት ነው።

የመበለቷ ቤት ተራ ሲደርስ አባቴን ለመንኋቸው። ዘንድሮ ይቅርብዎ፣ እግርዎ ይሻላል አልሁ። «ዘንድሮ ከቀረሁ ለሁልጊዜው ቀረሁ ማለት ነው» አሉና በቅሎዋን አስጫኑ። ደጇ ስንደርስ ውሃዬን ላወርድ እጄን ስዘረጋ፣ «እሱን እዚያው ተይው» አሉኝ። ቆጣ ብለው ነው ያሉት።

ከአጥሩ ውጭ ሴቶች ቆመዋል። ጎረቤታችንም አለች። የገበያ ጓደኛ የሚጠብቁ ይመስላሉ እንጅ ወዴትም አይሄዱም። አባቴ እያነከሱ ገቡ፣ ጸለዩ፣ ጸበል ረጩ፣ እንደ ልማዳቸው ከበሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጡ። የተጠቀለለው እግራቸው ለውጭ ሰው ይታያል። መበለቷ ኮላውን በሰሃን አምጥታ፣ ማንም ሳይናገራት፣ ክዳኑን ፊታቸው ከፈተችው። አረፋው ተንጫጫ።

ፀሐዩ የመስከረም ፀሐይ ነው፣ ያነድዳል። የስኳር ጥማት ደግሞ ሌላ ጥማት ነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ጠርሙሱን ተቀበሉ፤ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ስለቆየ ቀዝቅዞ ላብ አውጥቷል። ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት አየሁና «አባ!» አልሁ። ሳላስበው ነው የወጣኝ። የውጭዎቹ ሴቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

አባቴ ጠርሙሱን ሳይቀምሱ መሬት አስቀመጡት። መበለቷ ጠርሙሱን አየች፣ እሳቸውን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እርስዎም፣ አባቴ?» አለች።

«አይደለም፣ ልጄ። ይሄን ዘንድሮ ከማንም ቤት አልጠጣሁም፤ ሐኪም ከልክሎኛል። የጠማኝ ውሃ ነው። ከእንስራሽ ቅጅልኝ።»

«አይሆንም።»

«ስለምን?»

«እግርዎን እያየሁት ነው። የሚሉኝንም ሰምቻለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እንባ አልነበራትም። «ነገ እግርዎ ቢቆረጥ ውሃዋን ጠጥተው ነው ይሉኛል። ጠርሙሱንስ ፋብሪካ ነው የዘጋው ብዬ እምልበታለሁ። በእንስራው ምን ብዬ እምላለሁ?»

አባቴ በቅዳሴ እንደለመዱት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አጥሩ ድረስ በሚሰማ አነጋገር፣ «ከእኔ እጅ ትቆርቢ የለም?» አሏት። «እኔ ካንቺ እጅ ውሃ ብጠጣ ምን አለበት? ቅጅ!»

ቀዳች። ቅሉን እስከ አፉ ሞልታ ስታቀብላቸው ውሃው እየተንጠባጠበ የእግራቸውን ጨርቅ አራሰው። እኔ ውሃው እንዳልፈላ አውቃለሁ። ከየትኛው ጉድጓድ እንደተቀዳም አውቃለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገር ሴቶቹ የሚሰሙት ሌላ ነው፤ ልጂቱም ፈራች ነው የሚሉት። ዋጥሁት። አባቴ እስከ ግማሽ ጠጡና ቅሉን ለእኔ አቀበሉኝ። ተቀብዬ ጨለጥሁት። ጭቃ ጭቃ ይላል። ሌላ ምንም አላለም።

ያን ቀን ማንም ተከትሎን አልገባም። ሴቶቹ ቀስ እያሉ ተበተኑ። እኔ ከዚያ በኋላ የአባቴን እግር ብቻ ሳይሆን ሆዳቸውንም ስጠብቅ ሰነበትሁ፤ ሌሊት ወደ ውጭ በወጡ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ሆዳቸው ደህና ሆነ። ከየቤቱም ያለ ጠርሙስ ወጡ፤ የተቀየመ ተቀየመ። ጣቲቱ ግን እንደጠቆረች ነበረች። ጠዋት ጨርቁን ስፈታ ጥቁረቱ ወደ እግሩ ወጣ እንዴ እያልሁ በጣቴ እለካ ነበር። ከእንግዲህ ከተቆረጠ እሳቸውም መበለቷም፣ ሁለት ሰው ነው የሚቆረጠው እያልሁ አስብ ነበር።

መስቀል አለፈ። ወረታ ሐኪሙ ዘንድ ቀረብን። ደማቸውን አየ፣ እግራቸውን አየ። ስኳሩ እንደወረደ፣ እግሩ እንደተረፈ ነገረን። እኔ ተቀምጬ አለቀስሁ። «ጣቲቱ ግን ሞታለች፤ እሷን ማንሣት አለብን» አለ።

«ይታወቃል?» አሉ አባቴ።

«አያምዎትም፣ አባ። ማደንዘዣ አለ።»

«ለሰው ይታወቃል ወይ ነው ያልሁህ።»

ሐኪሙ አልገባውም። እኔም ያኔ አልገባኝም፤ ሽማግሌ ሰው ጣቱ ቢጎድል ምን ያሳፍረዋል ብዬ ተናደድሁ። ተቆረጠች። ቁስሉ እስኪደርቅ እኔ ዘንድ ሰነበቱና ወደ ደብራቸው ሊመለሱ ሲነሡ፣ ካልሲ ግዥልኝ አሉኝ። አባቴ በዕድሜያቸው ካልሲ አድርገው አያውቁም።

«በርዶዎት ነው?»

«መቅደስ በጫማ አይገባም» አሉ። «እግሬን ሁሉም ያየዋል። ጣቴ መጉደሉን ካዩ፣ በላችው ይሏታል።»

መናኸሪያው አጠገብ ካሉት ሱቆች ወፍራም ጥቁር ካልሲ ገዝቼ መጣሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አደረግሁላቸው። የጎደለችው ጣት ቦታ ጎድጉዶ ታየ። አወለቅሁት። ጥጥ ጠቅልዬ፣ የጣት መጠን አስይዤ፣ ከውስጥ ሞላሁትና መልሼ አጠለቅሁላቸው። ተነሡ። አልጋውን ለቀቁና በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይታያል?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ደጋግሜ አየሁት።

«አይታይም» አልኋቸው።